በብስክሌት መንገድ ላይ የተሰጣ በቆሎ

ነቀምቴ ውስጥ የብስክሌት መንገድ ተሠራ ሲሉኝ ያመንኩት ቀለሙን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው። ባጃጅ ገፍቶ ቦይ ውስጥ ከከተተኝ ወዲህ ጓዳ ያስቀመጥኳትን ብስክሌት አወጣሁ፣ ጎማዋን አስነፋሁና በማግስቱ ጠዋት እንደ ሙሽራ ወጣሁ።

መንገዱ በእውነት ያምራል። አስፋልቱ ዳር ነጭ መስመር ተሰምሯል፤ መሃሉ ላይ የብስክሌት ሥዕል አለ። ትንሽ እንደሄድኩ ግን ሥዕሉ በበቆሎ ተሸፈነ። አንዲት እናት በቆሏቸውን ከመስመር እስከ መስመር አስጥተው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

"አካም ጅርቱ፣ አዴ" ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው ወርጄ። "ይሄ እኮ የብስክሌት መንገድ ነው።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ። ለዚህ እኮ ነው እዚህ ያሰጣሁት፤ መኪና አይገባበትም።"

"ታዲያ እኔ በየት ልለፍ?"

"ሰው በሚሄድበት ነዋ" አሉና ጎማዬን በጥርጣሬ አዩት። "ፍሬውን እንዳትፈጭብኝ።"

መቼም በእህል ላይ በጎማ አይኬድም። ወደ አስፋልቱ ወጣሁ፤ አንድ የጭነት መኪና ጆሮዬን ታክኮኝ አለፈ። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ። ትራፊክ ፖሊሱን ሳየው ደስ አለኝ፤ ሕግ መጣልኝ አልኩ።

"መንገድ ተሠርቶልህ ከመኪና ጋር ትጋፋለህ?" አለኝ።

በቆሎውን በእጄ አሳየሁት። ፊቱ ተለወጠ። ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ፣ በቆሎው ላይ ወጥቶም በእግሩ ያገላብጠው ጀመር።

"እማዬ" አላቸው፣ "ከሥር ያለው እኮ ገና እርጥብ ነው።"