የእትዬ ወርቅውሃ የዓሣ ጫጩቶች

እትዬ ወርቅውሃ የምትጠየፈው ነገር ተቆጥሮ አያልቅም። ዝንብ ትጠየፋለች፣ ያደረ ወጥ ትጠየፋለች፣ ሰው የነካውን የበር እጀታ ትጠየፋለች። እኔ ጎረቤቷ ነጂባ እንኳን ጨው ልበደር ስገባ መጀመሪያ የምታየው ጫማዬን ነው። ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ሃያ ዓመት አጥር ተጋርተን ስንኖር፣ ወላሂ፣ ከቤቷ የበረኪና ሽታ ጠፍቶ አያውቅም።

አንድ ለአምስት ተደራጁ ስንባል የእኛ መሪ እሷ ሆነች። ሌላ ማን ሊሆን? በየሳምንቱ በየጓሯችን እየዞረች የታቆረ ውሃ ትፈልጋለች፣ ጣሳ ትገለብጣለች፣ ሽንት ቤታችንን አሽትታ ታሳፍረናለች። የሞዴል ቤተሰብ የምስክር ወረቀቷ በመስታወት ተገጥሞ ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ከሟች ባሏ ፎቶ በላይ።

በሁለት ሺህ አምስት ዓ.ም. ተከራይዋ ቃለሕይወት፣ መምህሩ፣ ወደ ሊሙ ገነት ተዛወረ። አኳሪየሙንም «ቤት እስካገኝ አንድ ወር ያቆዩልኝ» ብሎ ጥሎባት ሄደ። ውስጡ ጉፒ የሚሏቸው አራት ዓሣዎች ነበሩ፤ ከትንሽ ጣቴ ያነሱ፣ አንዷ ሆዷ የተነፋ። እምቢ ማለት አፍራ እንጂ ወድዳ አልተቀበለችውም። በሚበሉበት ውሃ ውስጥ ይጸዳዱ የለ! ምግባቸውን በማንኪያ ጫፍ ስትበትንላቸው በሌላው እጇ አፍንጫዋን ትይዝ ነበር።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ረፋድ ላይ ጩኸቷን ሰምቼ ሮጥኩ።

«ሜ፣ እስቲ ልየው!» ብዬ ወደ አኳሪየሙ ተጠጋሁ። ውሃው ውስጥ ከከሙን ፍሬ ብዙም የማይበልጡ፣ ጭራ ያላቸው ነገሮች ይርመሰመሳሉ።

«ዕጭ! የወባ ትንኝ ዕጭ! በእኔ ቤት!» አለች እትዬ ወርቅውሃ።

በዚያ ላይ ሰኞ ሞዴል ቤቶችን የሚያዩ ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው። ዕጭ የተገኘበት ቤት ወረቀቱን እንደሚነጠቅ ስትነግረን የኖረችው ደግሞ ራሷ ናት። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የሻይ ማጥለያውን አቀበልኳት። እያጠለለች አውጥታ ፀሐይ የመታው የደጅ ሊሾ ላይ ደፋቻቸው። በላያቸው በረኪና አፈሰሰችባቸው። ትንሽ ተንፈራገጡና ቀጥ አሉ። እሷም ምራቋን ተፋች።

ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሲስተር ልያ መጣች። ጎንበስ ብላ አየች። ከማጥለያው ያመለጡት ጥቂቶች አኳሪየሙ ውስጥ ባለው ሣር ሥር ተደብቀው ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ ዕጭ አይደለም» አለቻት። «ዓሣዋ ወልዳ ነው። እነዚህ እንቁላል አይጥሉም፣ ይወልዳሉ። እንዲያውም የወባ ዕጭ ለቅመው የሚበሉ እነሱ ናቸው።»

ሲስተር ልያ ይህን ስትናገር እናትየዋ ዓሣ ዞር አለችና አንዱን ጫጩት ዋጠችው። የገዛ ልጇን! ወዲያው ሁለተኛውን ደገመችው። ያ ረቢ! እትዬ ወርቅውሃ ግን ዓሣዋን ትታ በበሩ በኩል ሊሾውን ታይ ነበር።

«ሠላሳ ይሆናሉ» አለች። «እኔ ከእሷ በምን ተሻልኩ?» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የተረፉትን ዘጠኝ ጫጩቶች በዚያው ማጥለያ አውጥታ አፈ ሰፊ የማር ጠርሙስ ውስጥ አደረገቻቸው። ከዚያ ቃለሕይወት ጋ ደወለች።

«የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ይስጧቸው፣ በጣም ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ሦስት ጊዜ» አላት። «ውሃ ሲቀይሩ ደግሞ የቧንቧውን በቀጥታ እንዳይጨምሩ፤ ክሎሩ እንዲወጣ በባልዲ ቀድተው ያሳድሩት።»

«በሁዳዴ እንቁላል? ውሃ ደግሞ አቁሬ ላሳድር?» ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። እሱ ጴንጤ ነው፤ ጾሙ ትዝም አላለው።

እንቁላሉ የተቀቀለው በእኔ ቤት፣ በእኔ ድስት ነው። እትዬ ወርቅውሃ እጇን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ አስኳሉን በነጠላ ቅዳጅ እያጠለለች ታንጠባጥብላቸዋለች። በሦስተኛው ቀን ውሃው ደፈረሰ፣ ዝልግልግ አለ፣ ከደጅ ጀምሮ ይሸት ጀመር። ውሃውን ልትቀይር የግሉኮስ ጎማ ነክራ ጫፉን በአፏ ስትስበው አፏን ሞላው። ግቢው መሃል ተንበርክካ እስኪወጣላት አስመለሳት። እኔ ጀርባዋን ደገፍኩላት። ተነሥታ አፏን በጨው ተጉመጠመጠችና ወደ ጠርሙሱ ተመለሰች።

ሰኞ ገምጋሚዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። አለቃቸው ገና ከበሩ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ወደ ጠርሙሱ ጠቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው? የታቆረ ውሃ፣ ያውም የሸተተ፣ ነፍሳት ያለበት! አሁኑኑ ይደፋ። አለዚያ ይህን ቤት ሞዴል ብለን አንቀጥልም።»

አብራቸው የመጣችው ሲስተር ልያ ልታስረዳው አፏን ስትከፍት በእጁ አስቆማት። እትዬ ወርቅውሃ ፊቷ ቀልቷል። ይደፋ የተባለ ውሃ እሷ ቤት አንድ ደቂቃ ቆይቶ አያውቅምና፣ ልትደፋው ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እሷ ግን ወንበር ስባ ወጣች። ከባሏ ፎቶ በላይ የተሰቀለውን ወረቀት ከነመስታወቱ አወረደችው።

«አንዴ ደፍቻለሁ» አለች። «ሁለተኛ አልደፋም።»

ወረቀቱን ከነመስታወቱ በጠርሙሱ አፍ ላይ አጋደመችው፤ አየር እንዲገባ በአንድ በኩል ትንሽ ክፍተት ተወች።

«ትንኝ እንዳይገባባቸው ነው» አለች ለሰውዬው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፦ «ነጂባ፣ የቀትሩ እንቁላል ሰዓት ደርሷል፤ ድስትሽን ጣጂ።»

ገምጋሚዎቹ አንድ ነገር ጽፈው ወጡ። እሷ ፌስታሏን እጇ ላይ እየጠቀለለች ወደ ጠርሙሱ ጎንበስ አለች።

«ስታስጠሉ!» አለቻቸው።