ነገ ይነሳል

ጎረቤቴን ሰፈሩ የሚያውቀው «ክሬኑ» በሚለው ቅጽል ስም ነው። ዕቃ አንሺ ነበር፤ ቤት ለሚቀይሩ ሰዎች ቁም ሣጥን፣ ፍሪጅ፣ አልጋ ከፎቅ ያወርዳል፣ ወደ ፎቅ ያወጣል። ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ ሳቁ ከግድግዳ አልፎ የሚሰማ። «በዚህ ከተማ ያላነሳሁት ነገር ቢኖር በሰው ላይ እጄን ብቻ ነው» እያለ ይቀልዳል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «የበላህበትን ሳህንም አንስተህ አታውቅም» ትለዋለች።

አንድ የማይጥሰው ሕግ ነበረው። ባልደረቦቹ አጎንብሰው ዕቃውን ሊያነሱ ሲሉ እጁን ዘርግቶ ያስቆማቸውና የቤቱን ባለቤት ይጠይቃል፤ «የት ነው የሚቀመጠው?» ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኘ ንክች አያደርገውም። «እመቤቴ፣ የሚያርፍበትን ሳላውቅ ካነሳሁት እላዬ ላይ ነው የሚቀረው» ይላል። ሰዎች ይስቃሉ። እኔ ግን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ሰው አንድን ነገር ለማንሳት የሚቸኩለውን ያህል ስለ ማሳረፉ አይጨነቅም።

አንድ ቀን ባለሁለት በር ቁም ሣጥን ሲያወርዱ፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ከላይ በኩል የያዘው ባልደረባው እጁ ከዳው። ቁም ሣጥኑ ወርዶ ክሬኑን ከግድግዳ ጋር አጣበቀው። ከወገቡ በታች ያለው አካሉ አልታዘዝ አለ። ሆስፒታል ገብቶ መስኮት ሥር ተኛ።

ሚስቱ ጠዋት ጠዋት እየሄደች እግሩን ታሸዋለች፣ አውራ ጣቱን ትቆነጥጠዋለች።

«ተሰማህ?»

«ቆነጠጥሽኝ እንዴ? እኔ እኮ የጎረቤት እግር መስሎኝ ነው» ይላታል። እዚያው ትስቅለትና ኮሪደር ላይ ወጥታ ታለቅሳለች። ይቆም ይሆን ወይስ አይቆም፣ ሐኪሞቹ በፊቷ አያነሱትም፤ እሷም አንስታ ለመጠየቅ ትፈራለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ብታነሳው የዚያ ክፍል ነርስ ናት፤ ቸኩላለች። «የመስኮቱ ሥር ታካሚ ባለቤት ነሽ? ነገ ጠዋት ይነሳል ብሏል ዶክተሩ። ልብሱን ይዘሽለት ነይ።»

በሬን ስትደበድብ ክር እጇ ላይ እንደተጠመጠመ ነበር። «ጋሼ! ጋሼ! ይነሳል አሉኝ! ነገ ይነሳል!»

«እሰይ ልጄ፣ እሰይ!» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

«ማንሳት» ከሚለው ግስ የበለጠ የሚደክም ግስ ቋንቋችን ያለው አይመስለኝም። ስልክ እናነሳበታለን፣ ፎቶ እናነሳበታለን፣ የሞተ ሰው ስም እናነሳበታለን፣ ሹሙን ከወንበሩ እናነሳበታለን። «ይነሳል» ሲባል ግን ሰውየው በገዛ እግሩ ይቁም ወይም ሌሎች አፋፍሰው ይውሰዱት፣ ቃሉ ለይቶ አይናገርም። እሷ የሰማችው ልቧ ሲጠብቀው የኖረውን ነው።

ሱሪውን ተኮሰች። ጫማውን ቀብታ እስኪያብረቀርቅ ወለወለችው። በማግሥቱ አብረን ሄድን።

ነርሷ የጫማውን ከረጢት ስታይ ግራ ገባት። «ጫማው ደግሞ ለምን አስፈለገ?»

«እንዴ እህቴ፣ ይነሳል አላልሽኝም?»

«ከአልጋው ነዋ! አልጋው ለሌላ ሰው ይፈለጋል። እሱ እንግዲህ እዚህ የሚደረግለት ነገር የለም...» ድንገት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዶክተሩ አልነገረሽም?»

ልብስ ሰፊዋ ከረጢቱን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው። 

ሁለት ቃሬዛ ያዦች ገብተው አጎነበሱ። ክሬኑ እጁን ዘረጋ። «ቆይ! የት ነው የምታስቀምጡኝ?»

ሰዎቹ ተያዩ። «እኛ እስከ በሩ ድረስ ነን ወንድሜ።»

«እንግዲያው አታንሱኝ» አላቸው።

አነሱት።

በሩ ላይ የጠበቁት የሥራ ባልደረቦቹ ነበሩ። በዕቃ መኪናቸው አምጥተው፣ እሱ ስንት ጊዜ ፍሪጅ ያወጣበትን የሕንፃችንን ደረጃ አወጡት። ራስጌውን የያዘው ያ እጁ የከዳው ባልደረባው ነው፤ ላቡና እንባው ተቀላቅሎ ክሬኑ ግንባር ላይ ይንጠባጠባል። ደረጃው በታጠፈ ቁጥር «ቀስ! ወደ ግራ!» የሚለውን የለመድነውን ድምፅ ጠበቅን። ክሬኑ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

በራቸው ላይ ደርሰን ሚስቱ ስትከፍት፣ ያ ባልደረባው ከሥራ ልማድ የተነሳ የክሬኑ ጥያቄ አመለጠው፤ «የት ነው የሚቀመጠው?»

ያለውን ሰምቶ ደነገጠ። «ይቅርታ ወንድሜ... አፌ ነው...»

«ልክ ነህ» አለ ክሬኑ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ጠይቃት። እኔም አላውቀውም።»

ሚስቱ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ የስፌት መኪናውን፣ ጠባቡን አልጋ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈውን ወለል። በመጨረሻ አልጋው ላይ አሳረፉትና አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ወጡ። እኔ ትራሱን ላስተካክል ቀረሁ።

ከረጢቱ መሬት ወድቆ ጫማው ወጥቷል። የተወለወለው ቆዳ ያብረቀርቃል። ክሬኑ ዓይኑን ገልጦ እሱን ሲያይ ቆየና፣

«ያን ጫማ አንሺልኝ» አላት።

አነሳችው። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደች፣ ተመለሰች፤ ወደ አልጋው ሥር አጎነበሰች፣ ቀና አለች። ከዚያ እንደ ሕፃን ታቅፋው መሐል ወለሉ ላይ ቆመች።