ወደ ፊቴ የነፈሰው ቬንትሌተር

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ ቸኩዬ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም። ነገሩ የአንድ ቬንትሌተር ግዢ ነው፤ ሲሰሙት ያስቃል። ወላሂ እኔንም አንዳንዴ ሳቅ ይጀምረኝና መሃል ላይ ይቀራል።

በደርግ ጊዜ፣ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን፣ ኮምቦልቻ ሳይንስ አስተምር ነበር። አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችኝ፤ ሜዳ ላይ የምትታዘዝ፣ ዳገት ስታይ የምትፈላ። አባቴ ከደሴ ማዶ፣ ከኩታበር፣ ለሕክምና መጥተው እኔ ቤት ተኝተው ከርመዋል። አንድ ቀን ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝና "ከእንግዲህ ቤታቸው ሄደው ይረፉ" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። አባቴም ሳልነግራቸው ገብቷቸዋል። "ልጄ፣ ከአባቶቼ ጎን ነው መቀበር የምሻው" አሉኝ። "ነፍሴ ሳለች ውሰደኝ። በኋላ ለሰው ሸክም አታድርገኝ።" እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

አውቶቡስ የማይሆን ነገር ነው፤ አባቴ መቀመጥ አቅቷቸዋል፣ መተኛት አለባቸው። የኪራይ መኪና ብል ያሉት ሁሉ ለግዳጅ ተወስደዋል። የቀረችው ያቺው የእኔ ጉድ ናት። እሷ ደግሞ ሐረጎን፣ ያንን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት፣ ሦስት ቦታ ሳትቆም ወጥታ አታውቅም። ከሞተሩ ፊት ያለውን ራዲያተሯን የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር በሞተሩ ቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶው፣ የሚዞር ነበር፤ ሞተሩ ዳገት ላይ ሲያቃስት እሱም አብሮ ይሰንፋል። መካኒኬ "በኤሌክትሪክ የሚዞር ግዛላት፤ ሞተሩ ቢሰንፍ እሱ አይሰንፍም" ብሎ መከረኝ። ሳምንት ሳይሞላ እሱም ለግዳጅ ሄደ፤ ሥራው ለእኔ ቀረ።

በአውቶቡስ ደሴ ወጣሁ። ፒያሳ መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ረጋ ያሉ፣ እያንዳንዱን ቃል መዝነው የሚያወጡ፣ እንደ እኔ ያለውን ቁጡ ሰው አንጀት የሚያሳርሩ። ሁለት ቬንትሌተር አመጡልኝ። አንዱ ከሌላ መኪና የተፈታ፣ ክንፉ ሰፊ፣ ዝገት የነካው ነው። ሌላው አዲስ፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ። ጠረጴዛው ላይ ባትሪ አስቀምጠው፣ ራዲያተሩ ላይ የሚታሰርበትን ጎን ወደ እኔ አዙረው፣ ተራ በተራ አስነሡልኝ። አሮጌው ዞረ። ፊቴን አስጠጋሁ፤ ምንም የለም። "ይሄ ነፋስ የለውም" አልኩ። አዲሱ ገና ከመነሣቱ ነፋሱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። "እንዲህ ነው እንጂ" ብዬ ወዲያው ወደ ኪሴ ገባሁ።

አዛውንቱ ብሩን ሳይቀበሉ "ከራዲያተሩ ፊት ነው የምታስረው ወይስ ከኋላ?" አሉ።

"ምን ለውጥ አለው? ነፋስ ነፋስ ነው።"

"ለውጥማ አለው። አንዱ ይስባል፣ አንዱ ደግሞ..."

"አባቴ፣ አውቶቡሱ ያመልጠኛል። ደግሞ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ" አልኳቸው። ምላሴን በቆረጠው። እሳቸውም "አብሽር እንግዲህ" ብለው በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ።

የድሮውን ፈትቼ አዲሱን በእሱ ቦታ፣ ከራዲያተሩ ኋላ፣ በሞተሩ በኩል አሰርኩት። ሜዳው ላይ ሁለት ዙር ነድቼ መለስኳት፤ አልፈላችም። ለአባቴ ስነግራቸው "አልሐምዱሊላህ፣ እጅህ ይባረክ" አሉኝ። በዚያ ምርቃት ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያጠራቀምኩትን ኩፖን ይዤ ቤንዚን ቀዳሁ፤ ከአንድ ጉዞ አይበልጥም። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። አባቴን ከኋላ ወንበር ላይ በጋቢ ጠቅልዬ አስተኛኋቸውና በጠዋት ተነሣን።

የሐረጎን ግማሽ ሳንደርስ የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ወጣ። ቆምኩ፣ አቀዘቀዝኩ፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ሄድኩ። ሁለት ኩርባ ሳልዞር እንደገና ፈላች። በድሮው የቺንጋ ቬንትሌተር እንኳ እንዲህ ሆና አታውቅም። በሦስተኛው ላይ እንፋሎቱ መንገዱን ሸፈነው። አባቴ "እስቲ አውርደኝ፣ ጀርባዬ ደከመ" አሉ። አቅፌ አወረድኳቸውና ከመኪናዋ ፊት ለፊት ድንጋይ አስደግፌ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቼ ስድቤን ጀመርኩ። ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ እንደ ንብ ይጮኻል። ምን ጎደለው?

አባቴ "ልጄ፣ ይኸ ነገር የሚነፍሰው ለማን ነው?" አሉኝ።

"ለሞተሩ ነዋ፣ አባባ። እርስዎ ይረፉ።"

"ታዲያ ለምን እኔን ያሞቀኛል? ሞተሩ ከወዲያ አይደል?" አሉ። "እህል ስታዘራ ነፋሱ ወደ ፊትህ ከመጣ ገለባው ዓይንህ ውስጥ ነው የሚገባው። ያን ጊዜ ዞረህ ትቆማለህ እንጂ እህሉን አትሳደብም።"

ሄጄ ከጎናቸው ቆምኩ። ትኩስ አየር ፊቴን መታኝ። ቀዝቃዛው የተራራ አየር በራዲያተሩ ሊገባ ይመጣል፣ የእኔ ቬንትሌተር ከውስጥ ሆኖ የሞተሩን ሙቀት እየገፋ ይመልሰዋል። ከፊት ታስሮ ወደ ውስጥ እንዲነፍስ የተሠራውን እኔ ከኋላ አስሬዋለሁ። ያ ፒያሳ የናቅሁት አሮጌም ነፋስ ያጣ አልነበረም፤ ከፊቴ እየሳበ ወደ ወዲያ ይልከው ነበር። ልጆች ፊት ጠመኔ ይዤ ስለ አየር ግፊት የማወራው ሰውዬ ነፋስን በፊቴ ለካሁ።

ሽቦዎቹን ገለበጥኳቸው። በተቃራኒው ዞረ። ግን ምን ያደርጋል፣ ሞተሩ ተቃጥሏል። ሳስነሣው ተንዘፈዘፈና ነጭ ጭስ ተፋ፤ ዘይቱን ባይ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወተት መስሏል። ከዚያ ወዲያ ሽቅብ አንድ ክንድ አልሄደችም።

እስከ ቀትር ቆምን። ወታደር የጫኑ መኪናዎች አለፉ፤ እጄን ብዘረጋ፣ ብለምን፣ ማን ዞሮ ያየኛል። አባቴ እንዳያዩኝ ከመኪናዋ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ስመለስ "በቃ፣ ልጄ" አሉኝ። "ቁልቁለቱ ቤንዚን አይጠይቅም። መልሰኝ።" ሞተሩን ሳላስነሣ፣ በፍሬን ብቻ እየያዝኩ፣ ወደ ኮምቦልቻ ለቀቅኳት። አባቴ ከኋላ የአላህን ስም እየጠሩ ዚክር ያደርጋሉ፤ እኔ በየኩርባው ፍሬን እረግጣለሁ።

በአራተኛው ቀን ሞቱ። እኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም። ኮምቦልቻ ቀበርናቸው፣ ከማያውቋቸው ሰዎች ጎን።

አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ መርዶው ደርሷቸው በማግሥቱ ከኩታበር መጡ። ለምን አላመጣኸውም ብለው ቢቆጡኝ በወደድኩ። አልተቆጡም፤ "ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው" እያሉ አቀፉኝ። ያን ጊዜ ልናገር አልኩ። ግን ራዲያተር ምን እንደሆነ ለእሳቸው በምን ቋንቋ ይነገራል?

"አክስቴ፣ ነፋሱ ነው የበደለን" አልኳቸው። "ወደማይሆን አቅጣጫ ነበር የሚነፍሰው።"

በሻሻቸው ጫፍ እንባዬን ጠረጉልኝና "አይ ልጄ፣ ነፋስማ በአላህ እጅ ነው" አሉኝ።

የቬንትሌተሩ ግን በእኔ እጅ ነበር ማለት አቃተኝ።