በትከሻ የተለካው አልጋ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ጅማ በቾ ቦሬ ወዳለው የእንጨት ሥራ ቤቴ መጥታ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችና፣ «አጎቴ፣ ከደንበኞችህ ሁሉ ለየት ያለው ማን ነበር? ሳቅ ያለበት ይሁን» አለችኝ። ለቲክቶክ ነው። ሳቅ ያለባቸው ደንበኞችማ ሞልተውኛል። ትዝ ያለኝ ግን ያ ሰውዬ ነው፤ «መጀመሪያ እሱን አጥፊው» አልኳት ስልኩን። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ዛሬም ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

ያኔ የምሠራው ጋሽ ነስሩ ዘንድ ነበር። ጅማ ውስጥ እንደሳቸው በርጩማ የሚጠርብ አላየሁም። አልጋ እንሠራለን፣ ወንበር እንሠራለን፤ ክርስቲያን ጎረቤት ሲሞት ደግሞ የሬሳ ሳጥን። እሱንም ለቅሶው ከተሰማ በኋላ እንጂ አስቀድሞ መጋዝ አይነሳም። እኔ ሃያ ዓመት ሞልቶኝ፣ በራሴ እጅ ብቻ ያለቀ አንድ ሥራ እንኳ ስላልነበረኝ እበግን ነበር።

አንድ ዓርብ ጋሽ ነስሩ ጁምዓ ሄደው ሳለ ሰውዬው መጣ። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ገባ። ጅማ አጠገብ ያለችው የሰርቦ ልጅ ነው፤ ኑሮው አዲስ አበባ። የሬሳ ሳጥን አዘዘኝ፤ ከዋንዛ፣ ዙሪያውን ሐረግ የተቀረጸበት።

«ማን ሞተብህ?» አልኩት።

«እናቴ። ማለቴ፣ ገና ናት፤ ግን አርጅታለች። ሥራዬ ሩቅ ነው፣ ያን ቀን ሳጥን ፍለጋ አልንከራተትም። ደግሞ ሰው ይየው እንጂ! ሄደህ ለካት፤ አልጋ ላሠራላት ነው በላት።»

እፍ! ያኔውኑ በመጥረቢያ ማባረር ነበር። ሐረግ መቅረጹ ግን ልቤን ወሰደውና እሺ አልኩ።

ቡና የሚለቀምበት ወር ነበር። የቡና ማጠቢያው የሚለቀው ውሃ ግማቱ እስከ ሰርቦ አብሮኝ ሄደ። እናትየው፣ እማማ ትርፌ፣ ትኩስ ጎደሬ በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ጓሯቸውን ራሳቸው የሚቆፍሩ ሴትዮ ናቸው። ቁመታቸውን ለካሁ፤ ትከሻቸው ጋ ስደርስ ሳቁ።

«ልጄ፣ አልጋ በትከሻ ነው እንዴ የሚለካው?»

አልጋ ሠሪ የሚለካው ክፍሉን ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል።

«ዘመናዊ ስለሆነ ነው፣ እማማ» አልኩ።

«እንግዲያው ሰፋ አድርገው። ልጄ ሲመጣ አጠገቤ ጋደም ይላል» ብለው መረቁኝ። የትከሻቸውን ልክ ጽፌ ወጣሁ።

ጋሽ ነስሩ ሲሰሙ ጮኹ፤ «ማል ጎቴ? ምን አደረግህ አንተ? ነፍስ ያለው ሰው ለሳጥን ይለካል? አስተግፊሩላህ!» እንጨቱን እንኳ አልነኩልኝም። እኔ ደግሞ ቃል ሰጥቻለሁ ብዬ ድርቅ አልኩና ብቻዬን ሠራሁት። እውነቱን ልናገር፣ ሐረጉ አማረልኝ።

ሰውዬው አይሱዙ ይዞ መጣ፤ ሳጥኑን በሸራ ጠቅልለን ሰርቦ አደረስነው። ጓዳ ይከተታል፣ ቀኑ እስኪደርስ አይገለጥም ነበር ያለኝ። እማማ ትርፌ ግን አሮጌ አልጋቸውን ለአንዲት አራስ ሰጥተው፣ ቦታውን ጠርገው፣ ጎረቤት ጠርተው ጠበቁን። ገና ከመኪና ስናወርደው እልልታው ቀለጠ። ልጁ «አይገለጥ! አይገለጥ!» እያለ እሳቸው ሸራውን ሳብ አደረጉት።

እልልታው ቀጥ አለ። ሰውዬው ምን ቢል ጥሩ ነው?

«እማዬ፣ ዋንዛ እኮ ነው! ምስጥ አይበላውም።»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። ይኼኛውን ግን ምን ይሉታል? ኧረ ወግድ!

እሳቸው ልጃቸውን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ለዚህ ነው የለካኸኝ?» አሉ። በዚያው አይሱዙ ተሳፍሬ ጅማ ገባሁ።

የእህቴ ልጅ ሰምታ ስታበቃ «እንዴት ያለ አስጠሊታ ሰው ነው!» አለች። እኔም ስንት ዓመት እንዲሁ ስሰድበው ኖርኩ፤ አፈር ያስበላውና፣ ስድብም ያንሰዋል። ምነው የሚያቅለሸልሸኝ እሱ ብቻ በሆነ! አልጋ ሠሪ ነኝ፤ በማግስቱ ሳንቃ ጭኜ መመለስ እችል ነበር፣ ሰርቦ እንደሁ ቅርብ ናት። እማማ ትርፌ ያን ሌሊት ምን ላይ እንደተኙ እንኳ ሄጄ አልጠየቅሁም።