ተቋቁማችኋል ወይ?

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እስቲ ድገመው» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት በስብሰባ ላይ ነው። አንዱ ምሁር ለመረዳት የሚያስቸግር ቃል ከአፉ ባወጣ ቁጥር እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ጣል ታደርግና «እስቲ ድገመው፤ እኅቴ በሚገባት ቋንቋ ድገመው» ትላለች። ሰውየው በሆዱ እየረገማት ይደግማል። ምን ያድርግ፣ ሥራዋ ነው። ስለ ጎርፍ የሚያጠናውን፣ ስለ ሙቀት የሚያጠናውን፣ ስለ ጤናና ስለ ሰው ኑሮ የሚያጠኑትን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስባ፣ ክፉ ዝናብና ክፉ ሙቀት ከተማዋ ላይ ሲወርድ ማን እንደሚጎዳ፣ ማንስ እንደሚችለው በአንድ ቋንቋ እንዲናገሩ ማድረግ። በወግ ሲጠራ አስተባባሪ ይባላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ተኳርፈው የመጡ ዘመዳሞችን ማስታረቅ ነው፤ ልዩነቱ እነዚህ ዲግሪ መያዛቸው ብቻ ነው።

ተጠራጣሪ ናት፤ እሱን ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ባሏ «ፀሐይ ወጣች ቢሏት መስኮት ከፍታ ካላየች አታምንም» እያለ ይቀልድባታል። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ዝም ካለ ምን ደብቆ ነው፣ ካወራት ደግሞ ምን ፈልጎ ነው። ሻጭ ቶሎ ዋጋ ከቀነሰላት ዕቃውን ጥላ ትሄዳለች። በዚህ ዓለም ላይ ሳትጠራጠር የምታምናት አንዲት ሰው ብትኖር ታላቅ እኅቷ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት፣ ወንዝ ዳር ታችኛው ሰፈር የምትኖረው። እትዬ ያለችው ያለቀ ነው።

ካቻምና ክረምት ወንዙ ሞልቶ ከተማውን ሲያጥለቀልቀው እሷ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዳ ነበር። መንገዱ ተቆርጧል፣ መብራት የለም፣ ስልኩ አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም። እህል ውሃ ሳትቀምስ ስትንቆራጠጥ ዋለች፤ በመጨረሻ እኅቷ ደወለች። «አትምጪ» አለቻት፤ «ተቋቁመነዋል።» መስመሩ ተቋረጠ። ያ ቃል የሸሸ ልቧን መለሰላት፤ ከዚያ ወዲያም ከአእምሮዋ አልወጣም።

መሥሪያ ቤቱ በዚያ ጎርፍ ላይ ጥናት ሲጀምር ቃሉ ከአፏ የወጣውም ለዚሁ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ፣ ሰዉን ቤት ለቤት ሄደን ምን ብለን እንጠይቀው በሚለው ላይ ጉድ ፈልቶ ነበር። ጎርፉን የሚያጠናው መሐንዲስ፣ «የውሃው ሰው» የሚሉት፣ «ጥንካሬ» ካልተባለ ብሎ ሙጭጭ አለ። የኑሮ አጥኚዋ ደግሞ «የማገገም አቅም» ካልሆነ ወጥቼ እሄዳለሁ አለች። ቀኑ በከንቱ ሊመሽ ሲል አስተባባሪዋ ተነሥታ ሰሌዳው ላይ «ተቋቁማችኋል ወይ?» ብላ ጻፈች። ተቋቁመናል ወይም አልተቋቋምንም፣ በቃ። ሁሉም ደስ አላቸው። ሕዝቡ የሚናገረው ቃል ነው፣ አጭር ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። «እስቲ ድገሚው» ያላት ሰው አልነበረም።

ጠያቂዎች ከተማውን ዞሩት፣ መልሱ ተሰበሰበ፣ የውሃው ሰው ካርታውን ሠርቶ ስብሰባ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ቀይ የተቀባው ጎርፉን ያልተቋቋመ ሰፈር ነው፤ ከመጪው ክረምት በፊት የማስጠንቀቂያ ድምፅ ማጉያ ይተከልለታል፣ የውሃ መውረጃ ቦዩም ይሰፋለታል። አረንጓዴው የተቋቋመው ነው፤ እሱ ይቆይ። ካርታው በዚያው ሳምንት ለከተማው ምክር ቤት ሊቀርብ ነበር። አስተባባሪዋ መነጽሯን አድርጋ ጠጋ ብላ ስታየው ታችኛው ሰፈር አረንጓዴ ለብሶ ቁጭ ብሏል። ቀዩ ኮረብታው ላይ ያለው ላይኛው ሰፈር ነው።

ክው አለች። እትዬ ብትቋቋመውም፣ ከጎርፉ በኋላ ልትጠይቃት ስትሄድ የሰፈሩን ጭቃ፣ የወደቀውን ግድግዳ በዓይኗ አይታለች። ኮረብታው ላይ ጎርፍ ምን ሊሠራ ይወጣል? የዘንድሮ ክረምት እንደ ካቻምናው ከሆነና ለታችኛው ሰፈር ማስጠንቀቂያው ካልተተከለለት፣ እትዬ በተኛችበት ውሃው ይገባባታል። ይህን ስታስብ ወዲያው ደግሞ ያ የለመደችው ጥርጣሬ መጣ። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ይህ የሰው እጅ ነው። ካርታውን የሠራው ማን ነው? የውሃው ሰው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዓይኗን ከሰውየው ላይ አላነሣችም። ደግሞም የሚጠረጠር ነገር ሞልቶታል። እሷ ስትገባ ኮምፒውተሩን ዘጋ ያደርጋል። ስልኩ ሲጠራ ኮሪደር ወጥቶ በሹክሹክታ ያወራል። በምሳ ሰዓት ከምክር ቤቱ ሰው ጋር ካፌው ጥግ ተቀምጠው፣ ሲያዩዋት ወሬ ሲቀይሩ ደርሳባቸዋለች። ይህም አልበቃ ብሎ ዘበኛው፣ የሰው ጉዳይ ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው ነው፣ የመሐንዲሱ የአጎት ልጅ ኮረብታው ላይ ቤት እንደሠራ ነገራት። ነገሩ ሁሉ ግጥም አለላት። ለዘመዱ ሰፈር ቦይ ሊያሠራ ነው! አንጀቷ ቅጥል አለ።

ሆኖም ፊት ለፊት ሳትይዘው መፍረድ አልፈለገችም። ሻይ ሊቀዳ ብቻውን ሲቆም ጠጋ አለችና፣ እንደ ዘበት፣ ታችኛው ሰፈር እንዴት አረንጓዴ እንደሆነ ጠየቀችው። ሰውየው ብርጭቆውን አስቀምጦ ረጅም አያት።

«እሱን እንኳ ከእኔ አንቺ ታውቂዋለሽ» አለና ሄደ።

ሌባ ሲነቃበት እንዲህ ነው አለች በልቧ። በቀጥታ ኃላፊው ዘንድ ገብታ፣ ካርታው ላይ እጁን ያስገባ ሰው እንዳለ፣ ስሙን ሳይቀር ጠቅሳ ተናገረች። ኃላፊው ነገር የማይወዱ፣ ጡረታቸውን የሚጠባበቁ ሰው ናቸው፤ ግንባራቸውን እያሹ ማስረጃ እንዳላት ጠየቋት። አመጣለሁ አለች። በማግስቱ ከሰዓት ሁሉም ባሉበት እንዲነጋገሩ ቀጠሮ ያዙላት፤ ነገሩ እውነት ከሆነ ሰውየው ከጥናቱ እንደሚወጣም ነገሯት። ስትወጣ የውሃው ሰው በሩ አጠገብ ቆሞ ስልክ ያወራ ነበር። ሰላም ሳትለው አለፈች።

በጠዋት ተነሥታ ማስረጃዋን ፍለጋ ታችኛው ሰፈር ወረደች። እትዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ልብስ ትጠግናለች። በሥራ ቀን፣ ያውም በጠዋት መምጣቷን ስታይ ጠርጥራ መርፌዋን አቆመች፤ መጠራጠሩ እንግዲህ የቤተሰብ ነው።

አስተባባሪዋ ጠያቂዎቹ ወደ እዚህ መጥተው እንደነበር ጠየቀች። መጥተው ነበር። ምንስ ብላ መለሰችላቸው?

«አንቺን ደግሞ ማን ላከሽ?» አለች እኅቷ። «ቀይ የተቀባ ሰፈር ይፈርሳል ሲሉ ሰምተናል። ምን ልትወስዱ ነው የምትመላለሱት?»

«ማንም ምንም አይወስድም፣ እትዬ። ብቻ የመለስሽውን ንገሪኝ።»

«ተቋቁማችኋል ወይ አለችኝ ጠያቂዋ። አዎ፣ ተመስገን፣ ተቋቁመናል አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ? ቤቱ የፈረሰበት ሁሉ ቆርቆሮ ተሰጥቶት፣ ምስማር ተሰጥቶት፣ መልሶ ሠርቶ ገብቷል። እዚህ ሰፈር ያልተቋቋመ ማን አለ? ባይሆን እነዚያን የኮረብታዎቹን ጠይቂ። እነሱን ማንም አላቋቋማቸውም፤ ዛሬም ድረስ ቅር ብሏቸዋል።»

አስተባባሪዋ አፏን በእጇ ያዘች። ቃሉ ሁለት ፊት ነበረው። መሐንዲሱ ሲያነበው ጎርፉን የቻለ ማለት ነው፤ ቤቱ ፈርሶበት እርዳታ ሲጠብቅ ለከረመ ሰው ግን መልሶ ጎጆ የያዘ ማለት ነው። የፈረሰበት ሁሉ ተቋቁመናል አለ፤ ዝናቡ ወለሉን ብቻ ያረጠበበትና ቆርቆሮ ያልደረሰው ሁሉ አልተቋቋምንም አለ። ካርታውን የገለበጠው የማንም የአጎት ልጅ አይደለም። ሰሌዳው ፊት ቆማ የጻፈችው እሷ ራሷ ናት። እትዬ ምን ነካሽ እያለች ስትጠራት መልስ ሳትሰጥ፣ ቦርሳዋን እንኳ በቅጡ ሳታንጠለጥል፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሮጠች።

በመንገድ ላይ ክፉ ሐሳብ አልመጣላትም አልልም። ጠያቂዎቹ በደንብ አላስረዱም ማለት ይቻላል። የኑሮ አጥኚዋ ቡድን ላይ መላከክ ይቻላል፤ ማንም እሷን አይጠረጥርም። ዝም ማለትም ይቻል ነበር፤ መሐንዲሱ ይወጣል፣ ካርታው በሌላ ሰው እጅ ይታረማል፣ እትዬም ትድናለች። አውቶቡሱ እስኪደርስ ከራሷ ጋር ተሟገተች፣ ስትወርድም ገና አልቆረጠላትም።

ስብሰባው ላይ ሁሉም ተሟልተው ጠበቋት። የውሃው ሰው እጁን አጣምሮ ካርታውን ያያል። ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በካርታው ላይ ቅሬታ እንዳለና አስተባባሪዋ እንደምታስረዳ ተናገሩ። ተነሣች። ሰውየውን አየችው፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ነገሩን ሳይሰማ አልቀረም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አለች።

«ካርታውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች።

የሚያላግጥም የሚቆጣም ሳይመስል የውሃው ሰው ቀና አለ።

«እስቲ ድገሚው» አላት።

ደገመችው። እኅቷ በሚገባት ቋንቋ፣ ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ዛሬ ጠዋቱ በረንዳ ድረስ፣ እሱን መጠርጠሯንም ሳትደብቅ። ስትጨርስ እሱ ሊስቅ ቃጣውና ተወው፤ በተራውም ተናገረ። የወንዙ ውሃ ልክና የካርታው ቀለም እንደማይገናኙ ካየ ሰንብቷል። የጠረጠረው ግን እሷን ነበር። ቀይ ሰፈር ይፈርሳል የሚለውን ወሬ ሰምታ የእኅቷን ሰፈር አረንጓዴ አስቀባችው ብሎ ነው ያመነው። በየኮሪደሩ የሚንሾካሾከውም ስሟ ሳይነሣ ምክር ቤቱ የካርታውን ርክክብ እንዲያዘገይለት ሲለማመጥ ነው። ለሁለት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ሰዎች እንዲህ ሆነው ነበር። ይቅርታ ስትለው ራሱን ነቀነቀ።

ምክር ቤቱ ካርታው ታርሞ ለቀጣዩ ጉባኤ እንዲደርስ ፈቀደ። ሁለቱ ሰፈሮች እንደገና ይጠየቁ ተባለ። አዲሱን ጥያቄ ያወጣው የውሃው ሰው ነው፤ ማንም ሁለት ዓይነት የማይሰማው ጥያቄ፦ ውሃው የት ድረስ ደረሰ? በእጅዎ ያሳዩን። ኃላፊው እሷ ራሷ ወርዳ እንድትጠይቅ አዘዙ። የውሃው ሰውም ሜትሩን ይዞ አብሯት ወረደ፤ ሊያግዛት ይሁን ሊቆጣጠራት እንጃ፣ መጠየቅ አፈረች።

የመጀመሪያው በር የእትዬ ነበር። እንግዳ ይዛ መምጣቷን ስታይ እኅቷ በሩን ሙሉ በሙሉ አልከፈተችም። ይህን ጊዜ ደግሞ ምን አመጣችሁ አለች። ጥያቄው ሲነገራት የሰውየውን ሜትር አየች፣ ታናሽ እኅቷን አየች፣ ጎንበስ አለችና ጉልበቷን ነካች። እዚህ ድረስ ነው አለች፣ ትንሽ ነው። አስተባባሪዋ ግን ግድግዳውን እያየች ነበር። ከወለሉ እስከ ጣሪያው ሥር ድረስ ልስኑ አዲስ ነው። ስንት ጊዜ እዚህ ቤት ገብታ ተቀምጣለች፣ ስንት ጊዜ ይህን ግድግዳ ተደግፋለች።

«እስቲ ድገሚው፣ እትዬ» አለች።

እኅቷ ቀኝ እጇን አነሣች፤ ከጡቷ አሳለፈችው፣ ከአንገቷ አሳለፈችው፣ በእግሯ ጣቶች ቆማ ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው።

«ተቋቁመነዋል ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«የደወልኩልሽ ከጣሪያው ላይ ነው» አለች እኅቷ፣ እጇን ሳታወርድ። «ብነግርሽ በዚያ ውሃ ትመጪ ነበር።»

የውሃው ሰው ተንበርክኮ ሜትሩን ከወለሉ እስከ እጇ መዳፍ ዘረጋ፤ ልኩንም ጮክ ብሎ አነበበ። እንዲደግመው አልጠየቀችውም።