ያልያዘውን የለቀቀው ሞላልኝ

ለደሴ ሆጤ ነዋሪ፣ ለኮምቦልቻ ሠራተኛ፣ በሁለቱ መካከል በሚኒባስ ለሚንገላታው ሁሉ! ወንበሩን እንኳ በወጉ የማይሞላው፣ ኩራቱ ግን ከሐረጎ ቁልቁለት የሚረዝመው የኮምፒውተር ሊቅ ሞላልኝ፣ በ2005 ዓ.ም. አንድ የጨርቅ ፋብሪካን ከኋላ ቀርነት ነጻ ማውጣቱ ታውጇል።

ነጻ ያወጣው እንዲህ ነው። የጥቅል ጨርቅ ሚዛኑን የሚያነበው ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ተጽፎ ይንቀራፈፍ ነበር። ሞላልኝ ከባዱን ሥራ ፈጣን በሆነው በሲ ቋንቋ ጽፎ ፓይተኑ ላይ ቀጠለው። ፈጠነ። «ሞዴል ሠራተኛ» ተባለና ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ፓይተን በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ያስቀመጠውን እያንዳንዱን ዕቃ ስንት እንደያዙት ይቆጥራል፤ የመጨረሻው ሲለቀው ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። በሲ የሚጽፍ ሰው ግን ይህን በእጁ መጠበቅ አለበት፦ የያዝከውን ልቀቅ፣ የተዋስከውን አትንካ። ሞላልኝ መጀመሪያ ምንም አይለቅም ነበር፤ ኮምፒውተሩ እስከ ምሳ ሰዓት ጢም ብሎ ይሞላና ቀጥ ይላል። ሲነገረው ተቆጣና ሁሉንም ለቀቀ። የጥቅሎቹ ክብደት የተመዘገበበት ዝርዝር ለአፍታ ያዋሰውን ክብደት ሳይቀር የአባቱ ይመስል ለቀቀው! ባለቤቱ ዝርዝር ክብደቱን ሲፈልግ ቦታው ላይ ሌላ ነገር ተጎልቷል፤ ፕሮግራሙም ክልትው ይላል።

ክልትው የሚለው ደግሞ በሚዛን ሠራተኛዋ በእትዬ ዘይቱና እጅ ነው።

«እትዬ ዘይቱና፣ የኮምፒውተሩን ቁልፍ እኮ ይቀጠቅጡታል» አላቸው ሞላልኝ።

«ወላሂ፣ የልጄን ግንባር ስዳብስ እንኳ እንዲህ አልጠነቀቅም! ሃያ ዓመት ሚዛን ላይ ቆሜያለሁ፤ የታመመው ያንተ ፎቶ ከተሰቀለ ወዲህ ነው።»

ሠራተኛው አውካካ። ሞላልኝ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

በማግስቱ ሐረጎን ሲወርድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ የፕሮግራሙን ወረቀት ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጥፋቱን አገኘው። የተዋሰውን የምትለቅ አንዲት መስመር! መሰረዝ ብቻ። ግን ከሰረዛት «ማን ጻፋት?» ሊባል ነው። ፎቶውስ? ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ከሰዓት ግምገማ ተቀመጡ። በዚያ ዘመን ግምገማ ላይ፣ መንስኤው ለማይነገር በሽታ ሁሉ አንድ ስም ነበር። ሞላልኝ ተነሥቶ ስሙን አወጣ፦ እትዬ ዘይቱና ለአዲስ ቴክኖሎጂ «የአመለካከት ችግር» አለባቸው፤ ይሰናበቱ።

«አላህ ያየዋል» አሉ እትዬ ዘይቱና፣ ጣቶቻቸውን እያዩ።

«የምትደግፉ እጅ!» አለ ሰብሳቢው።

ሞላልኝ ቀኝ እጁን ሰቀለ። ግራው ኪሱ ውስጥ ወረቀቷን ጨብጧል፤ መልቀቅ በሚገባው ጊዜ ደግሞ አይለቅም።

አንባቢ ሆይ፣ እጆቹ ገና እየተቆጠሩ ነው። አጠገቡ የተቀመጥከው አንተ ነህ። እስኪ እባክህ፣ እጅህን ከማውጣትህ በፊት ኪሱ ውስጥ ሰደድ አድርግና ያቺን ወረቀት…