ፍጥነትህን ቀንስ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የየሆቴሉንና የየመሥሪያ ቤቱን የውስጥ ስልክ ማዞሪያ ይጠግኑ ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ለመፈተሽ ላፕቶፑን ሲሪያል በሚባለው የመረጃ ገመድ ከማዞሪያው ጋር ስናገናኝ የሁለቱ የመላላኪያ ፍጥነት እኩል ካልሆነ፣ ስክሪኑ ላይ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይመጣል። ያን ጊዜ ከኋላዬ ቆመው «ፍጥነትህን ቀንስ፤ ማዶ ያለው አልተከተለህም» ይሉኛል።

መስመር ሲሞክሩም እንደዚያው ነበሩ። እኔ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ብዬ እዘጋለሁ። እሳቸው ግን ያነሳውን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው ጠይቀው ሳይጨርሱ መስመሩ ደህና ነው አይሉም። «ሰላምታው ሳይቆረጥ ካለቀ ሌላውም አይቆረጥም» ይላሉ።

ካረፉ በኋላ መጀመሪያ የሠራሁት ቡሬ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። ፍጥነቱን አስተካከልኩ፤ ጽሑፉ ጥርት ብሎ መጣ። ከዚያ መስመሩን ለመሞከር በር ላይ ወዳለው ስልክ ስደውል ዘበኛው አነሱ።

«እንዴት ዋሉ? ቤተሰቡ ደህና ነው? ከብቱስ? አዝመራው እንዴት ነው?»

ሰውየው እያመሰገኑ ሁሉንም በየተራ መለሱልኝ። መስመሩ አልተቆረጠም።

«ለመሆኑ ማንን ፈልገው ነው?» አሉኝ በመጨረሻ።

ሳላስበው ወደ ኋላዬ ዞርኩ።